ሌይማስ እስክትቀምስ

ጋራኤ ከዋና ከተማው ከቪላ የመጣው ባሕሩ ጸጥ ባለበት ሰሞን ነበር። በክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ትሑት የአምባኤ ደሴት ልጅ ነው። ከጀልባው ሲወርድ የያዘው ጥቅል ወረቀት እንዳይረጥብ ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ሱሪውን ግን እስከ ወገቡ አርጥቦ ወደ ዳር ወጣ። በዚህ ወደድነው።

ያመጣው ወሬም መልካም ነበር። ክፍለ ሀገሩ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የበረዶ ቤት ሊሰጠን አስቧል፤ ዓሣችን ሳይበላሽ ቪላ ገበያ እንዲደርስ። ችግሩ የበረዶ ቤቱ አንድ፣ መንደሩ ሁለት መሆኑ ነው። እኛ የማታንጊ ሰዎች ከባሕረ ሰላጤው በዚህ በኩል ነን፤ ስዋይዎች በዚያ በኩል። የነሱ ዶሮ ሲጮህ እኛ እንነቃለን። በመካከላችን፣ ወደኛ ቀረብ ብሎ፣ ባሕሩ ሲጎድል ብቅ የሚል፣ ዓሣና ዛጎል የሚኖርበት ዐለቱ አለ።

ጋራኤ ዋርካው ሥር ሰበሰበንና ወረቀቱን ዘርግቶ በአራት ድንጋይ ያዘው።

"እንግዲህ በመጀመሪያ ሪሶርሳችሁን እንጻፍ" አለ።

"ምናችንን?" አልኩት።

"ሪሶርስ። ማለት… ያላችሁ ነገር። የምትጠቀሙበት። ችግር ሲመጣም የምትደገፉበት።"

"ታዲያ ጥሪት አትልም?"

"ጥሪትም ነው እማማ። ግን ጥሪት ሲሉ አንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር ይመስላል። ይኼኛው ሰፋ ይላል። ውኃውም፣ ዛፉም፣ ጊዜውም ሪሶርስ ነው። ሰዉም ጭምር።"

"ሰዉም?" አለ ታሱል። ታሱል ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። "እንግዲያው አማቴን መዝግብልኝ። ጥቅም የሌለው የሚጻፍበት ቦታ ካለህ ግን እዚያ አድርጋት።"

አማቱ ከኋላው ተቀምጣ ነበር። የኮኮናት ልጣጭ አንሥታ ማጅራቱን አለችው፤ ሳቁ እስኪበርድ ጋራኤ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ የዳቦ ዛፉን፣ ምንጩን፣ ታንኳዎቹን ጻፈ። ዓሣ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ዐለቱስ?"

ሁላችንም ወደ ሌይማስ ዞርን።

ሌይማስ የወንድሜ የካልቶር ሚስት ናት። ካልቶር አለቃችን ነበር። ታላቁ አውሎ ነፋስ ዐለቱን እንደ እርሻ ካረሰው በኋላ፣ ትልልቁ ዛጎል ተገልብጦ አልቆ፣ ቅርፊቱ ለልብስ ቁልፍ መሥሪያ የሚሸጠው የባሕር ቀንድ አውጣም ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ሞተ። ስንቀብረው ዐለቱን በስሙ ገዘትነው። በዐለቱ ጫፍ ግንድ ተተከለ፤ ግንዱ ላይ የናሜሌ ቅጠል ታሰረ። ናሜሌ የታሰረበትን ነገር ማንም አይነካም። ከዚያ ወዲህ ዐለቱ ቀስ እያለ ነፍስ ዘራ። ውኃው ሲጠራ ከታንኳ ላይ ሆነን እናየዋለን፦ ዛጎሉ ገና መዳፍ አክሏል፤ ቀንድ አውጣውም ገና ልጅ ነው።

"ዝግ ነው" አለች ሌይማስ።

"እስከ መቼ?"

"እስኪበቃው።"

ጋራኤ ወረቀቱን ተመለከተ። ክፋት አልነበረውም፤ የተሰጠውን ነው የሚሠራው። "እዚህ ላይ የሚጠይቀኝ በሳምንት የሚወጣውን ዓሣ ነው። ስዋይዎች ሞልተውልኛል። የናንተን ባዶ ብተወው ቪላ ያሉት 'ማታንጊ ዓሣ የለውም' ነው የሚሉት።"

የሌላው ወንድማችን ልጅ ካልሴይ ያን ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ። ዕድሜው እስኪደርስ ሽማግሌዎች ጠብቀውለት፣ አለቅነቱን ከያዘ ዓመት አልሞላውም። ሞተር ማደስ የሚችል፣ እጁ ፈጣን፣ ልቡ ደግሞ ከእጁ የሚቀድም ልጅ ነው። የበረዶ ቤቱ ለስዋይ ቢሰጥ የመጀመሪያው ሥራው ሽንፈት ሆኖ እንደሚነገር ያውቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታንኳ ገፍቶ ወጣ፤ ግንዱ ጋ ደርሶ ቅጠሉን ፈትቶ መጣና ጋራኤ እግር ሥር አስቀመጠው።

"ነገ ዓሣችንን ታያለህ" አለው።

አይተናል። አለቃ በእጁ ከፈታው በኋላ ምን ይባላል?

ካልሴይ የረሳው አንድ ነገር ነበር፤ ወይም አልረሳውም፣ በምሽት ስለሆነ አይታይም ብሎ ነው። በኛ ሥርዓት የሞተ አለቃ ቅጠል ከተፈታ ዐለቱ ግንዱን ከቤቱ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁሉ ይከፈታል። የኛም የሌላም የለውም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሁሉም ይይዛል፤ ሲመሽ ቅጠሉ ይመለሳል። ስዋይዎች ደግሞ ያንን ቅጠል በየጧቱ ሲያዩት ነው የኖሩት። የወለቀ ጥርስ ቦታን ምላስ ሳይታዘዝ እንደሚዳስሰው፣ ሲነጋ የሁሉም ዓይን ግንዱ ላይ አረፈ።

ጧት ለሌይማስ ሻይ ይዤላት ስሄድ ታንኳዎቹ መንገድ ላይ ነበሩ። ስዋይ እንዳለ ተነሥቷል። መረብ ይዘዋል፤ ማዳበሪያ ይዘዋል፤ ዛጎል ከዐለት የሚፈነቅሉበት ድጅኖ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። በእንዲህ ያለ ዝግጅት አንድ ቀን ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ከገቡበት፣ የልጅ ልጆቻችን የሚያገኙት ባዶ ድንጋይ ነው።

ካልሴይ ከኋላዬ እየሮጠ ደረሰ።

"አክስቴ፣ ጉድ ሆንን!"

ሌይማስ ደጇ ላይ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። "ታንኳውን አይቻለሁ" አለች።

"እኔ ለኛ ብቻ መስሎኝ… ልመልሰው? አሁን ሄጄ ቅጠሉን ልሰረው?"

"የተፈታ ግዝት ሳይበላበት ይታሰራል እንዴ? ደግሞ አለቃ የሠራውን በማግስቱ የሚያፈርስ ከሆነ ማን ይሰማዋል?" ማበጠሪያውን ፀጉሯ ውስጥ ሰካችው። "ይልቅ ዛሬ ባሕሩ መቼ ነው የሚጎድለው?"

"እኩለ ቀን ላይ።"

"የሚሞላውስ?"

"ወደ ማታ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል።"

"መልካም። ዓሣዬን ከጥልቁ በኩል ያዝልኝና ላፕላፕ አሠራልኝ። ሰሌኔን ዳሩ ላይ አንጥፍ። ጥላው በየት በኩል እንደሚዞር አስበህ አንጥፈው።"

ካልሴይ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ሲገባው አፉን ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ በአለቅነት የሞተባት ሴት ከቀብሩ ጀምሮ ዓሣ አትቀምስም። ቅጠሉ ሲፈታ ከሁሉ በፊት እሷ ናት የምትበላው። ሰሌን ላይ ትቀመጣለች፣ ዓሣ ይቀርብላታል፣ ትቀምሳለች፤ ሐዘኑ ይፈታል፤ መለከት የምናደርገው ዛጎል ይነፋል፤ ሰው ይገባል። እሷ ሳትቀምስ አንድ እግር ዐለቱን አይረግጥም። ሳትበላ ከሰሌኑ ከተነሣች ግን "በኔ ፈንታ ብሉ" እንዳለች ይቆጠራል፤ ቅጠሉን የፈታው ሰው ይቀምስላታል፤ ይከፈታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ለመብላት የዘገየች ሴት ግን አይተን አናውቅም። ዓሣ የናፈቃት ሴት ምን ታዘግያለች?

ሻዩን ዘረጋሁላት። እጇን አወዛወዘች።

"ውሰጂው ሌይዋ። ዛሬ የሚያስነሣኝ ነገር አልጠጣም።"

ረፋዱ ላይ የሁለቱ መንደር ሰው ዳሩን ሞላው። ሌይማስ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ማራገቢያ ይዤ ከጎኗ። ጋራኤ ወረቀቱን ታቅፎ ዋርካው ግንድ ላይ ተደገፈ።

የስዋዩ አለቃ ማንሬ በትራቸውን ይዘው ቀረቡ። ቀጭን፣ ጥርሳቸው ጥቂት፣ ምላሳቸው ግን ሙሉ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ከካልቶር ጋር ዕድሜ ልካቸውን ዳማ ሲጫወቱ ነው የኖሩት።

"እንግዲህ ሌይማስ፣ ሐዘንሽን እናስፈታሽ" አሉ።

"አስፈቱኝ እንጂ አያ ማንሬ። ስንት ሰው ነው ይዘው የመጡት! ስዋይ ውስጥ ውሻ ብቻ ነው የቀረው?"

"ውሾቹም 'ሌይማስ ዛሬ ትበላለች' ሲባሉ ሊመጡ ነበር፤ ታንኳ ጠፋ።"

ዓሣው በሙዝ ቅጠል ላይ ቀረበ፤ ተፈጭቶ በጋለ ድንጋይ የበሰለው የሥራ ሥር ላፕላፕ ከጎኑ ይጨሳል። የኮኮናቱ ወተት ሽታ ለሁላችንም ደረሰን። ዛጎል ነፊው ዛጎሉን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ።

ሌይማስ ዓይኗን ጨፈነች። "እንጸልይ" አለች።

በጸሎት ማን ይከራከራል? ባርኔጣው ሁሉ ወረደ። ስለ ዓሣው አመሰገነች። ስለ ካልቶር ነፍስ ጸለየች። ከዚያ የማታንጊን ቤተሰብ አንድ በአንድ በስም ጠራች፤ የታሱልን አማት ሁለት ጊዜ። ማታንጊን ስትጨርስ ወደ ስዋይ ተሻገረች። የስዋይ ሰው የየራሱ ስም እስኪደርስ ይጠብቃል፤ አፏን ካቋረጠ የራሱን በረከት እንዳያጣ ይፈራል። ቪላ ሆስፒታል የተኙትን፣ ኒውዚላንድ ፍሬ ለቀማ የሄዱትን ልጆች፣ ባሕር ላይ ያሉትን መርከበኞች ሁሉ አስታወሰች። "አሜን" ስትል ጥላው ከእግሯ ወደ ጉልበቷ ዞሯል። የዐለቱም ጀርባ ብቅ ብሏል።

ቅጠሉን ገለጠች። ዓሣውን አየችው። አጥንቱን በዝግታ መልቀም ጀመረች።

"ሎሚ የለም?" አለች።

ሎሚ ሊያመጡ ሄዱ። መጣ። "ይኼማ ያልበሰለ ነው።" ሌላ ሊያመጡ ሄዱ።

የስዋይ ጎረምሶች ድጅኗቸውን ይዘው ዐለቱ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ውኃው ከጉልበታቸው ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ወርዷል። አንድ እርምጃ ነው የቀራቸው። አንዱም አልተራመደም።

ጋራኤ ቀስ ብሎ አጠገባችን ተንበረከከ። "እማማ፣ አልራበዎትም?"

"እጅግ በጣም ርቦኛል ልጄ።"

"ታዲያ…?"

"የራበው ሰው ሲቸኩል አጥንት ያንቀዋል። አንተ ወረቀትህን ተመልከት።"

ማንሬ ፀሐይዋን አዩ፤ ውኃውን አዩ፤ በመጨረሻ የሌይማስን እጅ አዩ። እጇ ዓሣው ላይ ነው፤ ወደ አፏ አይሄድም። ሽማግሌው በትራቸውን አስደግፈው ከሰሌኑ ዳር ቁጢጥ አሉና በትንሹ ሳቁ።

"ባልሽ ዳማ ሲጫወት እንዲህ ነበር" አሉ። "እጁን ጠጠሩ ላይ ያደርግና እስኪመሽ አያነሣም።"

"ከሱ ነው የተማርኩት።"

"አሸንፎኝ አያውቅም እኮ።"

"ተሸንፎስ ያውቃል?"

ማንሬ ተነሥተው ወደ ሰዎቻቸው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ አንድ የስዋይ ጎረምሳ ከመንደራችን በኩል እየሮጠ መጣ። "ኧረ ሌይማስ! ቤትሽ ጭስ ይታያል!"

ሌይማስ አልዞረችም። "ሌይዋ፣ ይታያል?"

ቆሜ አየሁ። "ሰማይ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ዐይኑ ውስጥ ነው የገባው። ታጠብ በሉት።"

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሌላ ድምፅ ሰማን። ይኼኛው እውነት ነበር። የሌይማስ ትልቋ አሳማ ከጉረኖዋ ወጥታ የስኳር ድንቹ ውስጥ ገብታለች። ማሳው ከዳሩ ኋላ፣ ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ሐረጉ ሲበጠስ፣ አሳማዋ ስታጉረመርምና ስታኝክ በግልጽ ይሰማል። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ሌይማስ ያንን ማሳ ብቻዋን ነበር ያቀናችው። አሳማዋም ከሷ ድምፅ በቀር ለማንም አትታዘዝም።

የሁሉም ዓይን ሰሌኑ ላይ ሆነ። የሌይማስ ጉልበት ሲነቃነቅ አየሁ። ወዲያው ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተጫነችው።

"ሂጂ ሌይዋ" አለችኝ። "የምትችሉትን አድርጉ።"

እኔና ካልሴይ ሮጥን። ያቺ አውሬ ግን ፊቷን አዙራ ካልሴይን ከነሸሚዙ ጭቃ ውስጥ ጣለችው፤ እኔን ደግሞ ፓፓያ ዛፍ ላይ ልታስወጣኝ ምንም አልቀራት። ታሱልና ሌሎችም መጥተው በገመድ ስንይዛት የማሳው ግማሽ ተገልብጧል። የጉረኖውን በር ሳየው ገመዱ አልተበጠሰም። ተፈትቷል።

ተመልሼ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። "ግማሹ ሄዷል።"

ለአፍታ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከፈተችው። "ድንች በአንድ ወቅት ይመለሳል" አለች። ቀጥላም፣ "ገመዱስ?"

"ተፈትቶ ነው።"

ማንሬን አየቻቸው። ማንሬ አድማሱ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያዩ ይመስል ባሕሩ ላይ አፍጥጠዋል።

አሁን ጎረምሶቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሌይማስን ደፍሮ የሚናገር ስላልተገኘ ወደ ካልሴይ ዞሩ፤ ከነጭቃው ቆሟል።

"አለቃ!" አለው አንዱ። "ቅጠሉን የፈታኸው አንተ አይደለህም? ተነሺ በላትና አንተ ቅመስ! ወይስ የማታንጊ አለቃ ቀሚስ የለበሰችው ናት?"

ካልሴይ ቀና አለ። ጧት ላይ ቢሆን ይህ ነገር ደሙን ያፈላው ነበር። የኛም ሰው ምን እንደሚል ጆሮውን ሰጥቶ ጠበቀ፤ ምክንያቱም እሱ "ተነሺ" ቢላት የአለቃ ቃል ነው፤ እምቢ ብትል ነውር፣ እሺ ብትል ዐለቱ ያልቃል።

"ቅጠል ነው የፈታሁት" አለ። "የሷን ሐዘን መፍታት የሷ ነው። አንተ ከቸኮልክ ስዋይ ቅርብ ነው፤ ምሳህን በልተህ ና።" ይህን ብሎ መጥቶ ከሰሌኗ ኋላ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ሌይማስ አልዞረችም፤ እጇን ግን ወደ ኋላ ሰድዳ ጉልበቱን ነካ አደረገችው።

እኩለ ቀን አለፈ። ከዚያ ባሕሩ፣ እንደ ዘወትሩ ማንንም ሳይጠይቅ፣ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ የጎረምሶቹ ቁርጭምጭሚት ጠፋ። ቀጥሎ ጉልበታቸው። አንድ በአንድ ወደ ዳር ወጡ፤ ድጅኖው አሸዋ ላይ ተጋደመ። ሴቶቹ ጥላ ሥር ሰብሰብ ብለው ወሬ ያዙ። የስዋይና የማታንጊ ሴቶች ከገና ወዲህ አልተገናኙም ነበር፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ ሲያወጡ ሲያወርዱ ጊዜው ሄደላቸው። የሌይማስ ከንፈር ደርቋል። ማራገቤን ሳቆም "ቀጥዪ" ትለኛለች።

ዐለቱ መካከል የአሳማ ጀርባ የምንለው ድንጋይ አለ። እሱ ከተሸፈነ በኋላ ወለሉን በእግር የሚደርስበት ሰው የለም፤ የውኃው ጉልበትም ይበረታል። ሌይማስ ያንን ድንጋይ ታያለች። ማንሬም ያያሉ። ጥቁሩ ነጥብ አነሰ፤ አነሰ፤ ማዕበል አለፈበት፤ ብቅ አለ፤ ሌላ ማዕበል አለፈበት። አልተመለሰም።

ሌይማስ ዓሣውን ቆረሰች። ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ወደ አፏ አስገብታ አኘከች።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ ጨዋታ መስሎን ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ወንድሜን ከቀበርንበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ዓሣዋ መሆኑን አስታወስኩ። ረጅም ጊዜ አኘከች። ማንም አልሳቀም። ማንሬ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ዋጠች። በእጇ ጀርባ ጉንጯን ጠረገች።

"ጨው አንሶታል" አለች።

ዛጎሉ ተነፋ።

ታንኳዎቹ ገፉ። መረቡ በዚያ ሙላት አይዘረጋም፤ ድጅኖውን የያዘው የለም። ሁለት ሦስት ጎረምሶች ጠለቁና ባዶ እጃቸውን እያስነጠሳቸው ወጡ። የቀረው መንጠቆ ነው። የማታ ዓሣ ግን መንጠቆ ይወዳል፤ ስንትና ስንት ጊዜ ሳይነካ የኖረው ዐለት ቀዩንም ሰማያዊውንም ሰጠን። ጋራኤን ታሱል ታንኳው ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ክንዱን የሚያህል ዓሣ ሲይዝ እንደ ሕፃን ጮኸ። ፀሐይዋ ውኃውን ስትነካ ካልሴይ አዲስ የናሜሌ ቅጠል ይዞ ወጣ። ግንዱ ላይ አሰረው፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጥብቆ ሳበው።

ዳሩ ላይ እሳት ነደደ። ሁለቱም መንደር አብሮ በላ። ጋራኤ እጁ ላይ ያለውን ዘይት ሱሪው ላይ ጠርጎ ወረቀቱን አወጣና ወደ ሌይማስ መጣ።

"እማማ፣ ስለ ዐለቱ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"መጀመሪያ ልነሣ!" ብላ ብድግ አለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠች። ጧት ጀምሮ የተጠራቀመው ሳቅ ያን ጊዜ ፈነዳ። ቆይታ፣ ፊቷ ፈክቶ፣ ውኃ እየጠጣች ተመለሰች።

"ጻፍ፣ 'አለ፤ ዝግ ነው' በል።"

"ዝግ የሚል ቦታ የለውም።"

"ወረቀቱ ሰፊ ነው አይደል? ዳሩ ላይ ጻፍላቸው። ከፈለጉ ጎንበስ ብለው ያነቡታል።"

ጋራኤ ዳሩ ላይ ጻፈ። ማንሬ የዓሣ ራስ እየመጠጡ ያዳምጡ ነበር። "እሷንም ጻፋት እንጂ" አሉ። "ሰውም ነው አላልክም? እኛም ጋ መጥተህ ብለሃል።"

"በማን በኩል ልጻፋት?" አለ ጋራኤ እየሳቀ።

"በነሱ። በስማችን እንዳታደርጋት አደራህን፤ አንችላትም።"

የበረዶ ቤቱ በመጨረሻ ስዋይ ላይ ተሠራ። ይህን ለመደበቅ አልፈልግም፤ ካልሴይም አይደብቀውም። ዓሣችንን በታንኳ እናሻግራለን፤ በረዶ እንጭናለን፤ ማንሬም በሄድን ቁጥር ከገዛ ኪሳቸው የሚመዙ ይመስል ይሰጡናል። ቅጠሉ ግንዱ ላይ ነው። ዛጎሉ ከመዳፍ አልፏል።

የዚያን ዕለት ማግስት ግን፣ ገና ጤዛው ሳይለቅ፣ ሌይማስና እኔ የተገለበጠውን ማሳ እያስተካከልን ሳለን አንዲት ታንኳ ከስዋይ መጣች። እስከ አፏ የስኳር ድንች ሐረግ ተጭኖባታል፤ ለመትከል የተዘጋጀ፣ ትኩስ፣ በእርጥብ ቅጠል የተሸፈነ። የሚቀዝፈው ትናንት "ጭስ ይታያል" ያለው ጎረምሳ ነበር። ካልሴይ መቆፈሪያውን ጥሎ ሊያወርድለት ሄደ።

"አያ ማንሬ ልከውኝ ነው" አለ ጎረምሳው፣ ዓይኑን ከሌይማስ እያሸሸ። "'አሳማዋ በራሷ ነው የተፈታችው' በላት ብለውኛል። 'ሐረጉ ግን ከኔ ነው' በላት ብለዋል።"

ሌይማስ ወገቧን ቀና አድርጋ ሐረጉን አየች፤ አንዱን አንሥታ በጣቷ ወልወል አደረገችው። ጥሩ ዘር ነበር፤ ከኛው ይሻላል።

"እግዜር ይስጥልኝ በላቸው" አለች። "ገመድ የምትፈታ አሳማ ካለችኝማ ጋራኤ ሳይሄድ እሷንም ላስመዝግባት።"